ካሜራውን ከባሕሩ ማዞር

እንደ ደንቡ «ስልካችሁን ዝጉ» ማለት ነበረብኝ፤ አልልም። የዛሬው ጨዋታችን እጃችሁ ላይ ስላለው ስልክ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ 17 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ማለዳ፣ ቲሊ ስሚዝ የምትባል የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ታይላንድ ውስጥ፣ ፑኬት ደሴት ላይ፣ ማይ ካኦ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከቤተሰቧ ጋር ትንሸራሸር ነበር። ባሕሩ አላማራትም። ውሃው እንደ ወትሮው መጥቶ አይመለስም፤ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፣ ላዩም አረፋ ይደፍቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት የጂኦግራፊ መምህሯ ስለ ሱናሚ ሲያስተምር በሃዋይ የደረሰን የድሮ ሱናሚ የሚያሳይ ፊልም አቅርቦላቸው ነበር። ልጅቷ ያንን አስታወሰች። እናቷ መጀመሪያ አልተቀበለቻትም፤ ባማረ የእረፍት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል? ቲሊ ግን አልተወችም፤ ጮኸች፣ አስቸገረች። አባቷ ለሆቴሉ ጥበቃ ተናገረ፣ ሰዉም ከዳርቻው ተነሣ። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ተረፈ፤ እዚያ ዳርቻ ላይ የሞተ የለም። በዚያን ዕለት በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ በ14 አገሮች ወደ 230,000 ሰው አልቋል።

ስለ ቲሊ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከልጅቷ ይልቅ ፊልሙ ነው። ያረጀ፣ ለመወደድ ተብሎ ያልተሠራ የጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ጊዜ ታይቶ ሁለት ሳምንት ጭንቅላት ውስጥ ቆየ፤ በተፈለገበት ደቂቃም ተገኘ። ዛሬ «ወጣቱን በአጭር ቪዲዮ ስለ ሱናሚ እናስተምረው» ሲባል «ደግሞ ቲክቶክ ላይ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። መልሱ ይኸው። ስለዚህ አጭር ቪዲዮ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ ጊዜ አላጠፋም። የምከራከረው ካሜራው ወዴት ይዙር በሚለው ላይ ነው።

ሕይወት የሚያተርፍ እውቀት ጥንትም አጭር ነበር። ሲሙሉዌ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አለች፤ የ2004ቱ ርዕደ መሬት ከተነሣበት ስፍራ በጣም ቅርብ ናት። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ነው የደረሰባት። የጮኸላት ሳይረን የለም፣ የደረሳት መልእክት የለም። ከ70,000 በላይ ከሆነው ነዋሪዋ የሞቱት ግን ሰባት ሰዎች ናቸው። ነገሩ የሚጀምረው በ1907 ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ሕዝብ የጨረሰ ሱናሚ መጥቶባቸው ነበር፤ የተረፉት ያዩትን ለልጆቻቸው በተረት፣ በእንጉርጉሮ፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ዜማ አወረሱ። ይዘቱ ከሦስት ነገር አይበልጥም፤ መሬት በኃይል ሲናወጥ፣ ባሕሩም ሲሸሽ፣ ወደ ኮረብታ ውጣ። 97 ዓመት ሙሉ ሳይጻፍ ኖረ። በዚያች ጠዋት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ «ስሞንግ! ስሞንግ!» እየተባባለ፣ የዚያን ውሃ ስም በደሴቲቱ ቋንቋ እየተጣራ፣ ልጁን ታቅፎ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ላይ ወጣ። በመላው ኢንዶኔዥያ፣ በአብዛኛውም ማዶ በአቼ ጠረፍ ባሉት ከተሞች፣ ከ160,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። በብዙ ቦታ ባሕሩ ሲሸሽ ሰዉ በተራቆተው ወለል ላይ የሚንፈራገጠውን ዓሣ ሊለቅም ወረደ። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እንደሚባለው ነው፤ ግን እነዚያን ሰዎች ሞኝ ማለት ግፍ ይሆናል። የነገራቸው አልነበረም።

ጥቂት ስለ ውሃው ልበል። ሱናሚን እንደ ግድግዳ ተገትሮ የሚመጣ አንድ ግዙፍ ሞገድ አድርገን እንስለዋለን፤ የሆሊውድ ፊልም ያስለመደን ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያ አይደለም። ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ የባሕሩን ላይ ላዩን ብቻ ያናውጣል። የባሕር ወለል በድንገት ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ ግን ከላይ እስከ ታች ያለው ውሃ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ነው፤ ባሕሩ 4,000 ሜትር በሚጠልቅበት በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ 10 ሜትር ብቻ በሚጠልቅበት ወደ 36 ይወርዳል። ከፊት ያለው ሲዘገይ የኋላው ይደርስበትና ውሃው ይከመራል። መሃል ውቅያኖስ ላይ መርከበኛ የማያስተውለው እብጠት ዳርቻ ሲደርስ ቤት ይውጣል። ከደረሰም በኋላ ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ ይገባል፣ ያገኘውን ጠራርጎ ይመለሳል፣ ከዚያ ከ10 ደቂቃ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመጣል። ትልቁ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል። ጉልበት የማይደርስ ውሃ እንኳ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፣ ያውም መኪናና ጣውላ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

36 ኪሎ ሜትር የምትለዋን ያዙልኝ። የዓለም የመቶ ሜትር ሻምፒዮኖች የሚሮጡት በዚያ ፍጥነት አካባቢ ነው፤ እነሱም ለ10 ሰከንድ ነው። ውሃውን አይቼ እሮጣለሁ ያለ ሰው አስቀድሞ ተሸንፏል።

እንግዲህ ያለን ጊዜ ውሃው ከመታየቱ በፊት ያለው ብቻ ነው። ለሲሙሉዌ ደቂቃዎች ነበሩ። ለጎረቤታችን ለሶማሊያ ግን ሰባት ሰዓት ያህል ነበር። ሀፉን በፑንትላንድ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ ርዕደ መሬቱ ከተነሣበት ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ውሃው ውቅያኖሱን አቋርጦ እስኪደርስባት ድረስ ዓለም በቴሌቪዥን የእስያን ሬሳ ይቆጥር ነበር፤ ለሀፉን የነገራት የለም። በሶማሊያ ወደ 300 ሰው ሞተ። ኬንያ ውስጥ ባለሥልጣናቱ ዜናውን ሰምተው ዳርቻዎቹን አስለቀቁ፤ በአገሪቱ የሞተው አንድ ሰው ነው። የሀፉን አቀማመጥ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም የሰማው ዳርቻውን ባዶ አድርጎ ጠበቀ፣ ያልሰማው መረቡን እየጠገነ ተገኘ።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 ምሽት 12 ሰዓት ላይ የኢንዶኔዥያን ሱላዌሲ ደሴት በመጠን 7.5 የሆነ ርዕደ መሬት መታት። ፓሉ ከተማ በረጅምና ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ጫፍ ላይ ነው ያለችው፤ በዚያን ምሽት ዳርቻው ላይ ለፌስቲቫል የተሰበሰበ ሕዝብ ነበር። መብራት ጠፋ። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። አንድ ሰው ከአንድ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ላይ ሆኖ የቀረጸው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል፤ ከእናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሰውየው እታች መንገድ ላይ ላሉት ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። እታች መኪናው ይሄዳል፣ ሰው ይራመዳል። ከዚያ ውሃው ይመጣል።

ይህን ቪዲዮ ያጋራው ሰው ሁሉ ያጋራው ለውሃው ነው። ትምህርቱ ያለው ግን ውሃው ከመታየቱ በፊት ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ነው። የሚጮኸው ሰው የሚያየው ከፍ ብሎ ስለ ቆመ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው ከፊቱ ሕንፃና ዛፍ እንጂ ባሕር አይታየውም። አስተማሪ ብሆን ቪዲዮውን ውሃው ሊገባ ሲል አቆመውና ክፍሉን እጠይቃለሁ፦ «አንተ እታች ነህ። ምን ትሰማለህ? ወዴት ትሮጣለህ? ቅርቡ ፎቅ የቱ ነው?» ቀሪውን ባያዩት አይጎዱም። የሞቱት ሰዎች ቤተሰብ ያላቸው ናቸው፤ የመጨረሻ ደቂቃቸውን ከጀርባ ሙዚቃ አስገብቶ መልቀቅ ትምህርት አይባልም።

ሰው አደጋን ለማየት ያለው ጉጉት ከስልክ ጋር የመጣ እንዳይመስላችሁ። በሜይ 1960 ቺሊ ውስጥ በመጠን 9.5 የሆነ፣ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ርዕደ መሬት ሲደርስ፣ የሃዋይዋ ሂሎ ከተማ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ያሰማችው ውሃው ከመድረሱ ከሰዓታት በፊት ነው። ብዙው ሰው ከቤቱ አልወጣም፤ ጭራሽ ለማየት ወደ ባሕሩ የወረደም ነበር። 61 ሰው ሞተ። ዛሬ በዚያ ጉጉት ላይ ላይክ ተጨመረበት። ላይቭ ገብቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ እየመጣ ነው» የሚል ወጣት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ራሱ አይሸሽም፣ የሚያየውንም ሺህ ልጅ ቆሞ መመልከት ያስተምረዋል። የሱናሚ ምስል ባየን ቁጥር ሰውነታችን የሚለማመደው ፊትን ወደ ባሕር አዙሮ መቆም ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያድነው ቪዲዮ ጀርባውን ለባሕሩ የሰጠ ነው፤ የሚያሳየውም እግርን፣ መንገድን፣ ደረጃን ነው።

ለዚህ ከማውቀው ሁሉ የሚሻለው ምስክር የካማኢሺ ልጆች ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን፣ ማለትም ማርች 11 ቀን 2011፣ በጃፓን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በመጠን 9.0 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። ወደ 16,000 ሰው ሞተ፣ ከ2,500 የሚበልጥ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በካማኢሺ ከተማ ብቻ 1,000 ያህል ሰው አልቋል ወይም ጠፍቷል። በከተማዋ ወደ 3,000 የሚጠጉ የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከመቶው 99.8 እጁ ተረፈ። ያልተረፉት አምስቱ በሰዓቱ በትምህርት ቤታቸው ኃላፊነት ሥር አልነበሩም።

ኡኖሱማይ በሚባለው ሰፈር ሁለት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፣ አንዱ የትንንሾቹ፣ ሌላው የትልልቆቹ። መብራት ስለ ጠፋ የድምፅ ማጉያው አልሠራም። ትልልቆቹ ማስታወቂያ ሳይጠብቁ ወጥተው ሮጡ። ትንንሾቹ ወደ ፎቁ ላይኛ ክፍል እንዲወጡ ተደርገው ነበር፤ ታላላቆቻቸው ሲሮጡ ሲያዩ እነሱም ወርደው ተከተሉ። አስቀድሞ የተወሰነው መሸሻ ቦታ ደረሱ። ከኋላው ያለው ገደል መናድ ጀምሯል። «እዚህ አይበቃም» ተባለና ከዚያ ከፍ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ሄዱ፤ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው። ዞር ሲሉ ውሃው ሰፈራቸውን እየበላ ነው። እንደገና ወደ ላይ ሮጡ። ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ውሃው ዋጣቸው፤ በትንንሾቹ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኪና ተሰንቅሮ ቀረ፣ ልጆቹ መጀመሪያ እንዲጠለሉበት በተደረገው ከፍታ ማለት ነው። በይፋው የአደጋ ካርታ ላይ ግን እነዚህ ትምህርት ቤቶች «ውሃ አይደርስባቸውም» ከተባለው ክልል ውስጥ ነበሩ።

እነዚህን ልጆች ለዓመታት ከመምህሮቻቸው ጋር ያሠለጠናቸው ቶሺታካ ካታዳ የተባለ የጉንማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ትእዛዞቹ ሦስት ናቸው። ካርታውን ጨምሮ አስቀድሞ የተገመተውን ሁሉ አትመን። ባለህበት ሁኔታ የምትችለውን ሁሉ አድርግ። ቀድመህ ሽሽ፣ ሌላው ይከተልሃል። ሦስተኛው ለጃፓን ልጅ ቀላል አልነበረም፤ ለሐበሻ ልጅም ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው በተቀመጠበት ልጅ ተነሥቶ ሲሮጥ «ምን ነካው?» ነው የሚባለው። ትምህርቱ ደግሞ በአንድ ሥልጠና ያለቀ አልነበረም፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሱናሚን ፍጥነት አስልተዋል፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ራሳቸው እየዞሩ ካርታ ሠርተዋል። «እኛ ሸሽተናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድም አዘጋጅተው በየቤቱ አድለዋል፤ ባለቤቱ በር ላይ ሰቅሎት ይወጣል፣ የሚፈልገው ሰው ሊያንኳኳ ሲቆም ውሃ እንዳይበላው። በኋላ ጋዜጦች «የካማኢሺ ተአምር» ሲሉ ልጆቹ ደስ አላላቸውም። ተለማምደን ያደረግነው ነው አሉ፤ ከተማውም ቃሉን መጠቀም ተወ።

በዚያኑ ቀን በኢሺኖማኪ ከተማ ኦካዋ በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ108 ተማሪዎች 74ቱ ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። 50 ደቂቃ ያህል ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ትልልቅ ሰዎች ሲወያዩ ጠብቀዋል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ካማኢሺ ውስጥ ያኔ ቲክቶክ አልነበረም። ልጆቹ ያደረጉትን ልብ ካላችሁ ግን እያንዳንዱ ነገር የአጭር ቪዲዮ ሐሳብ ነው፤ መንገዱን መሄድ፣ መለካት፣ በር ላይ ካርድ መስቀል፣ ታናሽን በእጅ መያዝ። ዋናው ቁም ነገር ልጁ ሠሪ መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤት ባለሙያ ቀጥሮ ያሠራውን፣ ሰማያዊ ካርቱን ሞገድ ያለበትን ቪዲዮ ልጁ በሁለት ሰከንድ ያሳልፈዋል፤ እኔም አሳልፌዋለሁ። የሰፈሩ ልጅ የሰፈሩን ደረጃ ሰዓት ይዞ ሲወጣ ካሳየው ግን ያየዋል፣ ምክንያቱም ደረጃውን ያውቀዋል። ሠሪው ደግሞ ቪዲዮውን አንድም ሰው ባያየው እንኳ መንገዱን አምስትና ስድስት ጊዜ ተመላልሶበታል። ቀረጻው ራሱ ልምምድ ነው።

ስለ አሠራሩ የምለው ጥቂት ነው። ከጽሑፍ ጋር ይሁን፤ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ይናገር። ሦስቱን ምልክቶች፣ ማለትም ጠንካራ ወይም ረጅም የመሬት መንቀጥቀጥን፣ የባሕሩን ያለ ልክ መሸሽ ወይም መሙላትን፣ ከባሕር የሚመጣ ከባድ ጉርምርምታን በአንድ ቪዲዮ መጨረስ ይቻላል፤ «ወዴት» የሚለው ግን ለብቻው ይሠራ። «ተመልሰህ አትውረድ፣ ሰዓታት ጠብቅ» የሚለውም ለብቻው፤ ከመጀመሪያው ውሃ ተርፈው ዕቃቸውን ሊያወጡ ሲመለሱ በሁለተኛው የሞቱ ብዙ ናቸውና። ደግሞም እውነቱን ተናገሩ፤ ምልክት ሳይሰጥ የሚመጣ ሱናሚ አለ። በዲሴምበር 22 ቀን 2018 አናክ ክራካታው የተባለው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ ጎኑ ተንዶ ባሕር ውስጥ ሲገባ ሰዉ የሚጠነቀቅበት መንቀጥቀጥ አልተሰማውም፤ በአንድ የመዝናኛ ዳርቻ ሙዚቀኞች መድረክ ላይ እየተጫወቱ ሳሉ ውሃው ከኋላቸው መጣ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ «ምልክቱን ካወቅህ አትነካም» ብሎ ቃል መግባት ውሸት ነው፤ የመንግሥት ማስጠንቀቂያም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበል። አጭር ቪዲዮ ማስተማሪያ ነው፣ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ቲክቶክም ሆነ ኢንስታግራም ቪዲዮውን የሚያሳየው በወጣበት ቅደም ተከተል አይደለም፤ ዛሬ የለቀቅኸው «አሁኑኑ ሽሹ!» ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ አገር ያለች ሴት ስልክ ላይ ብቅ ይላል። በጁላይ 2025 በሩሲያ፣ ካምቻትካ አጠገብ በመጠን 8.8 የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ በፓሲፊክ ዙሪያ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፣ የድሮ ቪዲዮዎች እንደ ዕለቱ ተደርገው ሲሰራጩ አይተናል። ስለዚህ በምታስተምሩበት ቪዲዮ ላይ «አሁን» አትበሉ፤ ቀንና ቦታ ጻፉበት። የማስጠንቀቂያ ሥራ የሚያውቅበት አለው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኖቶ ልሳነ ምድር ሲናወጥ የጃፓኑ ብሔራዊ ጣቢያ የኤንኤችኬ ዜና አንባቢ በተረጋጋ ድምፅ አላነበበችም፤ ሽሹ እያለች ጮኸች፣ 2011ን አስታውሱ አለች። ጣቢያው ከ2011 በኋላ አስቦበት የለወጠው አነጋገር ነው፤ የሰከነ ድምፅ ሰዉን አስቀምጦ እንደነበር ስለ ተረዳ። የእሷ ድምፅም በአጭር ቪዲዮ ዓለምን ዞረ፤ ውሃ የሌለበት የሱናሚ ቪዲዮ እንደሚታይ ማስረጃ ይሁናችሁ።

«ወደብ ለሌለን ለእኛ ይህ ሁሉ ምን ይረባናል?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ፊት ላይ አነባለሁ። አዲስ አበባ ሱናሚ አይመጣም። ከሕዝባችን ግን በባሕር ጠረፍ የሚኖር ብዙ አለ። በእስራኤል፣ ኔታንያና አሽዶድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ቤይሩት ውስጥ የሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን አሉ፣ ሙስካትም እንዲሁ። ምሥራቅ ሜዲትራኒያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ365 እስክንድርያን፣ በ551 ቤይሩትን በሱናሚ የመታ ባሕር ነው። የኦማን ባሕርም በ1945 ከፓኪስታን የማክራን ጠረፍ የተነሣ ሱናሚ አይቷል። በዲሴምበር 5 ቀን 2024 ደግሞ ከሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ ማዶ በመጠን 7.0 የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ አካባቢ በሰዉ ስልክ ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተነሣ። ኦክላንድ ውስጥ ስንት የእኛ ሰው እንዳለ አታጡትም። ያንን መልእክት በእንግሊዝኛ ያነበበችው ልጅ ለእናቷ ምን ብላ ተረጎመችላት? በስደት ባለው ቤታችን የማስጠንቀቂያ ጣቢያው ልጅ ነው፤ የባንኩንም፣ የሐኪሙንም ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነውና።

ኔታንያን ልውሰድ። ከተማዋ ገደል ላይ ናት፣ ዳርቻው ከገደሉ ሥር። ሲሮኒት በሚባለው ዳርቻ ሰዉን የሚያወጣ አሳንሰር አለ። አንዲት ልጅ አያቷን ይዛ 40 ሰከንድ ትቅረጽ፦ «እማማ፣ መሬቱ ቆይቶ ከተንቀጠቀጠ አሳንሰሩን አትጠብቂ። ጫማሽንም አትፈልጊ። በዚህ ደረጃ ነው፣ ነይ እጄን ያዢ።» አያቷም በራሳቸው አማርኛ «እኔ እንደሆን ጉልበቴን ያመኛል፣ በዝግታ ነው የምወጣ» ይበሉ፤ አይቆረጥ። ሰዓቱ ይቆጠር። አራት ደቂቃ ከፈጀባቸው አራት ደቂቃ ተብሎ ይጻፍ። ያንን ያየች ሌላዋ እማማ የራሷን ደረጃ ታስባለች። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ከስልክና ከአንድ ከሰዓት በኋላ በቀር የሚጠይቀው የለም።

አገር ቤትም ቢሆን ዘዴው ይሠራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የዘነበው ከተማው ላይ ሳይሆን ደጋው ላይ ነበር። ከሩቅ የተነሣ ውሃ ያልጠረጠረውን ሰው ተኝቶ አገኘው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውም ሲወዘውዘን፣ ከቀዬው የተነሣው ሕዝብ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ያኔ ስልካችን ላይ የሚወዛወዝ አምፖል ስንት ጊዜ አየን! ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደሚገባ፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ለምን ወደ ደረጃው መሮጥ እንደሌለበት የሚያሳይ የልጅ ቪዲዮ ግን እኔ ብዙ አላየሁም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 ኖቬምበር 5ን የዓለም የሱናሚ ግንዛቤ ቀን ብሎ ወስኗል፤ በእኛ ጥቅምት 26 ገደማ ይውላል። ቀኑ የተመረጠው በ1854 ጃፓን ውስጥ ሀማጉቺ ጎርዮ የተባለ ሰው፣ በጨለማ ለሚሸሸው ሕዝብ ኮረብታው የት እንዳለ እንዲያሳይ የሩዝ ነዶውን ስላቃጠለ ነው። ጎርዮ የሰጠው ብርሃን ነው፤ የሚሸሸው ሕዝብ ዓይኑን ከባሕሩ ወደ ኮረብታው አዞረ። በዚህ ቀን የቪዲዮ ውድድር ከውጭ ካሉ ማኅበሮቻችን ጋር ልታዘጋጁ እንዳሰባችሁ ነግራችሁኛል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሽልማቱን በተመልካች ብዛት አትስጡ። በተመልካች ብዛት ከሆነ የሚያሸንፈው የሰመጠ ሰው ያሳየው ነው፣ ያ ደግሞ ቀድሞውኑ ሞልቶናል።

በጃፓን ኦናጋዋ ከተማ ከ2011ዱ አደጋ በኋላ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የገቡ ልጆች፣ በ21ዱ የባሕር ዳርቻ ሰፈሮቻቸው ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ የሚያመለክት ድንጋይ እናቁም ብለው ተነሡ። 10 ሚሊዮን የን ለምነው አሰባሰቡ። የመጀመሪያው በ2013 ቆመ፣ የመጨረሻው በ2021፤ ልጆቹ ጎልማሶች ሆነው ነበር ማለት ነው። ያንን ያህል ጊዜ ከእናንተ አልጠብቅም። ግን ዳኝነቱን ከእነሱ ተማሩ፤ ድንጋዩ ጥሩ የሚባለው አጠገቡ የሚኖረው ሰው ከዚህ በላይ ውጣ የሚለውን ሲረዳ ነው። እናንተም ቪዲዮው ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሠሪው ሰፈር ደውሉ። ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ አያቱን ጠይቁ፦ «መሬት ቢናወጥ ወዴት ነው የምትወጡት? በስንት ደቂቃ?» የብዙ ሰው መልስ ያገኘው ያሸንፍ። ዳኞቹ በዚህ ካልተስማሙ እኔ ከዳኝነቱ እወጣለሁ።

አሁን ጥያቄ ልቀበል፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።